ለቅሶ አለብኝ

የይሁኔን ሬሳ ያገኙት ሊሰድቡት የሄዱት እትዬ በላይነሽ ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ነበር። ከተጠጉበት ከእህታቸው ቤት ተነሥተው፣ ስድባቸውን በመንገድ ላይ እያሰናዱ ወደ ገዛ ግቢያቸው ገቡ። የይሁኔ ሞተር ሳይክል በር ላይ ቆሟል። ሞተሩ እንኳ ከእንግዲህ አያታልላቸውም። ሞተሩን በር ላይ አቁሞ በጓሮ መጥፋት የሰውየው ልማድ ነው፤ ባለቤት ሞተሩን አይቶ “እሰይ፣ ዛሬስ መጣ” ሲል እሱ ሌላ ሰፈር የሌላ ሰው ጣሪያ ሲያፈርስ ይውላል። የእትዬ በላይነሽን ጣሪያ ያወረደው በፋሲካ ማግስት ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ከዞብል ተራራ በላይ ደመናው በየቀኑ ይከመራል፤ ዕድሜ ልካቸውን አስተምረው የሠሩት ቤት ግን ግድግዳና ሰማይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

“ይሁኔ!” ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። ወደ ጓሮ ዞሩ። ለሽንት ቤት ተቆፍሮ የተተወው ጉድጓድ አፉ በቆርቆሮ ተከድኗል። ቆርቆሮው የእሳቸው ነው፤ ከጣሪያቸው የወረደው። ደማቸው ፈላ።

“ብሎ ብሎ የጉድጓድ ክዳን አደረገልኝ?” አሉና ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቅጠል ሳቡት።

ጩኸታቸው መናኸሪያው ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተር አላምረው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሟቹን ቁልቁል ሲያይ መጀመሪያ የተሰማው ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። ይሁኔ የእሱንም በረንዳ ጀምሮ ትቶበታል። አርማታ ያልተሞላበት የፌሮ ብረት ከደጃፉ ወደ ላይ እንደ ተገተረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሚስቱ ልብስ ታሰጣበታለች። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ደውሎ አንድ ቀን ቢያነሣለት፣ “ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ፣ ለቅሶ አለብኝ፤ አጎቴ ሞቶብኝ ነው” ብሎታል። ያ አጎት ሲሞት ለሦስተኛ ጊዜው ነው።

“ቆቦ ውስጥ ይህን ሰውዬ መግደል ያላማረው ማን አለ?” አለ ጮክ ብሎ።

“ይህንንስ ቃል አድርጌ አልመዘግበውም” አለች ሳጅን ኡሙሃኒ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካለች። ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ አለቃዋ ሲቆጣ እሷ ትቀዘቅዛለች፤ ለዚህም ነው ለዓመታት አብረው የሠሩት። “ከኋላ ነው የተመታ። አንድ ጊዜ። የመዶሻ ነው የሚመስል። መዶሻው ግን የለም። አጠገቡ አካፋ ወድቋል፤ ደም አልነካውም።”

“ሌላስ?”

“ነጠላ ለብሷል። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የዘቀዘቀው። ለቅሶ ሊሄድ ነበር መሰል።”

አላምረው በአፍንጫው ሳቀ። “ያቺ ነጠላ የሥራ ልብሱ ናት፣ ኡሙሃኒ። በሞተሩ ሣጥን ይዟት ይዞራል። ባለቤት መጣብኝ ሲል አውጥቶ ይዘቀዝቃትና ፊቱን ያጠቁራል። አሁንም ሞቶ እየቀጠፈ ነው!”

የጉድጓዱን አፍ የከደኑትን ቆርቆሮዎች አየ። እትዬ በላይነሽ ከሳቡት በቀር ሌሎቹ እንደ ነበሩ ናቸው፤ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ በልኩ ተደርቦ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ድንጋይ ተጭኖባቸው። “በዚህ ግቢ በወጉ የተከደነ ነገር ቢኖር ይኸ ጉድጓድ ብቻ ነው” አለ። አብረውት የመጡት ፖሊሶች መሳቅም አለመሳቅም አቃታቸው።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ የሞተው በዋዜማው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው አለ። አንዲት ጎረቤትም ማክሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሞተሩን ድምፅ ሰምታለች። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ሲውል ማንም ልብ አላለም። ማን ልብ ይላል?

የሟቹ ስልክ በይለፍ ቃል ተቆልፏል፤ ማን ደወለለት የሚለውን ከቴሌ ማስመጣት ቀናት ይፈጃል። ሲደወልለት ግን ይጠራል። ጣቢያ እንደ ደረሱ ጠራ፤ ኡሙሃኒ አነሣችው።

“ይሁኔን ፈልጌ ነበር” አለ አንድ የተቆጣ ድምፅ።

“ይሁኔ ሞቷል።”

“እንዴት ነው! ዘመድ ሲያልቅበት ደግሞ ራሱን ገደለ? በይ ንገሪው፤ ከቀብሩ ሲመለስ በሬን ይግጠምልኝ!” ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። እስከ ምሳ ድረስ እንዲህ ያሉ ሦስት ጥሪዎች መጡ፤ አንዱም አላመናትም።

እኩለ ቀን ሳይሆን ደምሴ ተይዞ መጣ። ደምሴ የእትዬ በላይነሽ የበኩር ልጅ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ትዕግሥቱ ትንሽ። ማክሰኞ ማለዳ የባጃጅ ተራው ላይ ቆሞ ስልኩን በጆሮው ደቅኖ “ዛሬ እጨርሰዋለሁ! በዚህ በእጄ እጨርሰዋለሁ!” እያለ ሲጮህ ያልሰማ ባለ ባጃጅ የለም። ሁሉም ቃላቸውን ለመስጠት ጣቢያው በር ላይ ተሰልፈዋል።

“ማንን ነው የምትጨርሰው?” አለ አላምረው።

“ግድግዳውን ነዋ!”

“ግድግዳውን!”

“ለእናቴ ነው የደወልሁት። የቤቱን ልስን ነው ያልሁት። ይሁኔ ከዚህ ወዲያ አይነካውም፣ ሌላ ግንበኛ ባመጣ አመጣለሁ፣ ካጣሁም በእጄ እጨርሰዋለሁ አልኋት። ምን ልበል ታዲያ? ግድግዳንም ሰውንም በአንድ አፍ ነው የምንጨርሰው። እኔ ነኝ አማርኛን የሠራሁት?”

“አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርህ?”

“ሮቢት መንገድ ላይ። ግንበኛ ፍለጋ።”

“አገኘህ?”

“የት ይገኛል! እሱም ለቅሶ ሄዷል አሉኝ።”

“ማን አየህ?”

ደምሴ አሰበ። ጆሮ ግንዱ ላይ ያለው ሥር ተነሣ። “ማንም” አለ በመጨረሻ። “ግን ብገድለውማ በአደባባይ ነበር የምገድለው፤ ለቆቦ ሰው ደስ እንዲለው።”

ይህን የሚል ሰው ከኋላ አይመታም ብሎ አላምረው በልቡ አሰበ። ነገር ግን ልብ ማስረጃ አይሆንም። ደምሴን መልሶ አሳሰረው።

ከሰዓት በፊት የሟቹ ታላቅ ወንድም መጣ። ከላይ ከደጋው የወረደ ገበሬ ነው፤ ነጠላውን ዘቅዝቋል፤ ወንበር ቢሰጠው አልቀመጥ አለ።

“ዛሬ እንቀብረዋለን። ሰልስቱ ዓርብ ነው። እስከዚያ ልንታገሥ ለሽማግሎች ቃል ሰጥተናል። ከዚያ ወዲያ ግን እኔ ወንድሞቼን አልይዝልህም።”

“የጠረጠርነው ሰው እጃችን ላይ ነው።”

“እሱ ታስሯል፤ ታናሽ ወንድሙ ግን አልታሰረም።” ይህን ሲል ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ሰላም ብሎ ወጣ።

የደምሴ ታናሽ ሚኪያስ ነው፤ ገና ዘንድሮ አስተማሪ ሆኖ የተቀጠረ፣ ከእናቱ ሙያ በቀር ምንም የማያውቅ ልጅ። አላምረው መስኮቱ ጋ ቆሞ ገበሬው መንገዱን ሲያቋርጥ አየው። አሁንም የተናደደው በሟቹ ነው። ኖሮ የሰው ቤት ያፈርሳል፣ ሞቶ ደግሞ ይኸው የሰው ልጅ ሊያስጨርስ ነው!

“ካሊድስ?” አለች ኡሙሃኒ።

ካሊድ ለይሁኔ ልስን የሚሠራው ወጣት ነው። አከራዩ እንደ ተናገረችው ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ትንሽ ቦርሳ ይዞ፣ ለማንም ሳይናገር ከቤት ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ አልታየም።

“ጋሽ ተሾመን እንጠይቅ” አለ አላምረው። “የይሁኔን ነገር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።”

ተሾመ አናጺ ነው። ከቆቦ በርና መስኮት ግማሹ ከእሱ እጅ የወጣ ነው፤ ሲዘጋ አይንቋቋም፣ ሲከፈት አይጎተትም። ይሁኔ እሱ ዘንድ ሙያ ተምሮ ነው ሥራ ተቋራጭ ነኝ ያለው፤ ቤት ሊያድስ በተዋዋለበት ሁሉ ዋስ የሚሆንለትም ተሾመ ነው። ሰው ቤቱን የሚሰጠው ለይሁኔ አልነበረም፤ ለተሾመ ቃል ነው። እትዬ በላይነሽም የሰጡት፣ አላምረውም የሰጠው እንደዚሁ ነው።

ሽማግሌው ከሥራ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። እጁ ሥራ ፈትቷል።

“ጋሽ ተሾመ፣ ይሁኔን መቼ አዩት?”

“ካየሁት ሰንብቷል። ሳምንትም አልፎት ይሆን።”

“ትናንትስ የት ዋሉ?”

“ዋጃ። ለቅሶ።” ጉሮሮውን ጠረገ። “የዚያ የካሊድ አባት አርፈው። ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ያለፉ።”

አላምረውና ኡሙሃኒ ተያዩ። የካሊድ ቦርሳ ምሥጢር ተፈታ ማለት ነው።

“በረንዳህን አልጨረሰውም፣ አይደል?” አለ ተሾመ ድንገት።

“አልጨረሰውም።”

“አይ…” አለና ሽማግሌው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ከመኪናው ሳይገባ አላምረው ለካሊድ ደወለ። ከወዲያ የሰው ጫጫታ፣ የቁርኣን ድምፅ ይሰማል።

“ካሊድ፣ አላህ ያጽናህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ትናንት ጋሽ ተሾመ ለቅሶ መጥቶ ነበር?”

“አዎ፣ መጥቶ ነበር። አላህ ይስጠው፤ ከዘመድ በላይ ነው ያለቀሰ። አሁን እንግዳ…” መስመሩ ተቆረጠ።

“በቃ” አለ አላምረው። “ካሊድም ጋሽ ተሾመም በአንድ ለቅሶ ከጥርጣሬ ወጡ። የቀረን ደምሴ ነው።”

መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው ኡሙሃኒ የተናገረችው። “ኢንስፔክተር፣ ይሁኔ የተገደለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሠራተኛው አባት ያረፉትም ለዚያው ቀን አጥቢያ። ነጠላው እውነት ቢሆንስ?”

“ይሁኔ? እውነት?” አላምረው መሪውን በመዳፉ መታው። “ስሚ፣ አንቺ በረንዳ አላስጀመርሽውም። ያ ሰው ለለቅሶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩን ዋጃ ነበር የምናገኘው።”

ኡሙሃኒ ግን ነገሩን አልተወችውም።

ሐሙስን አላምረው ሮቢትን ሲያስስ አረፈደ። ደምሴን አየሁ የሚል ባለ ሱቅ፣ ባለ ጋሪ፣ ባለ ምግብ ቤት የለም። ተፈላጊው ግንበኛ በእርግጥም ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ ቤቱ ተዘግቷል። ሲመለስ እትዬ በላይነሽን ጣቢያው በር ላይ ቆመው አገኛቸው። አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ሲያዩት ያው ተማሪያቸው ነው።

“አላምረው፣ ደምሴ አልገደለም።”

“እትዬ፣ እኔም አይመስለኝም። ግን የያዝሁት ነገር የለም።”

“አንዱን ልጄን አንተ አስረህብኛል። ሌላውን ነገ ይገድሉብኛል። ጣሪያዬን እንደ ሆነ ይሁኔ ወስዶታል።” አላለቀሱም። ተቆጥተው ነበር። “ምን ቀረኝ? ግድግዳውንም ውሰዱትና ይለይልን!”

አላምረው ገብቶ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሁሉ በክንዱ ገፍቶ መሬት ላይ አፈሰሰው። ኡሙሃኒ በሩ ላይ ቆማ ጨርሶ እስኪያፈስስ ጠበቀችው።

“እኔ ዋጃ ለቅሶ መድረስ አለብኝ” አለች። “የካሊድ እናት የእናቴ ወዳጅ ናት። ይምጡ አብረን እንሂድ። እዚህ ወረቀት ከሚበትኑ።”

ዋጃ ሲደርሱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነበር። በሸራ የተሠራው ዳስ ውስጥ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኡሙሃኒ “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” ብላ ወደ ሴቶቹ ገባች፤ አላምረው ጫማውን አውልቆ ከካሊድ አጠገብ ተቀመጠ። ዱዓ ተደረገ። የካሊድ ዓይን አብጧል፤ ሲሚንቶ የበላው እጁ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቷል። የይሁኔን ሞት ትናንት ማታ ከሰው ሰምቷል።

“እኔ ደግሞ አማሁት” አለ ካሊድ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። “አስተግፊሩላህ። ለአባቴ ቀብር እንኳ ቀረብኝ ብዬ አማሁት።”

አላምረው ቀና አለ። “ማን ነው የቀረብህ?”

“ይሁኔ። ማለዳ መኪና ላይ ሆኜ ደውዬ አባቴ አልፏል አልሁት። አለቀሰ። ‘አካፋ ከእትዬ በላይነሽ ግቢ አንሥቼ እደርሳለሁ፤ መቃብሩን አብሬ እቆፍራለሁ’ አለኝ። ብንጠብቀው ብንጠብቀው ቀረ። እንደ ልማዱ ነው ብዬ ተውሁት።”

አላምረው ጉድጓዱን አስታወሰ። ነጠላው። አካፋው። ኡሙሃኒ ነግራው ነበር፤ እሱ ነው የሳቀው።

“ቀብሩ ስንት ሰዓት ነበር?”

“አራት ሰዓት ሳይሞላ ጨረስን። ሙስሊም በሌሊት ሞቶ ማን ያቆየዋል?”

“ጋሽ ተሾመ ታዲያ በስንት ሰዓት ነው ቆቦን ለቆ እዚህ የደረሰ?”

“ጋሽ ተሾመ? እሱማ ቀብር አልደረሰም። ለቅሶ ነው የመጣ፤ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ።”

“ለቅሶ መጥቶ ነበር ብለኸኝ…”

“ለቅሶ መጥቶ ነበር ወይ ነው ያሉኝ። መጥቷል። ቀብር መች ጠየቁኝ?”

አላምረው ግንባሩን ያዘ። ዕድሜ ልኩን ሲናገረው የኖረው ቃል ነው። ቀብሩም ለቅሶ፣ ድንኳኑም ለቅሶ፣ ከወር በኋላ ሄዶ “እንደ ምን ሰነበታችሁ” ማለቱም ለቅሶ። ስለ ለቅሶው ሽማግሌው አንድ ቃል አልዋሸውም፤ እሱ ራሱ ነው ከሰዓት በኋላ የነበረውን ሰው ጠዋት ወስዶ ያስቀመጠው።

“ለእሱስ ማን ነገረው? አንተ ደወልህለት?”

“አልደወልሁም። ስልኬ ተዘግቶ ነው የዋለ። ከቆቦ ሰው የነገርሁት ለይሁኔ ብቻ ነው፤ ለአከራዬም አልነገርሁ።” ካሊድ አሰብ አደረገ። “አመጣጡም እንግዳ ነበር። በሩ ላይ ቆመ፤ ዳሱን አየ፤ ሰዉን አየ። ‘ለካ እውነት ኖሯል’ አለ። ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ከዚያ ወደቀ። እኛማ ሞቱን ማመን አቅቶት ነው አልን፤ ሐዘንተኛ የማይለው የለም። ተሸክመን አስገባነው።”

ሲመለሱ አላምረው ያፈረው በኡሙሃኒ ፊት ነበር፤ እሷ ግን አንድም ጊዜ “ብዬ ነበር” አላለችውም። ያንን ብትለው ይቀለው ነበር።

ተሾመ ያን ማታ እቤቱ አልተገኘም። ያገኙት ዓርብ ጠዋት ነው፤ የትም አልሄደም፤ የእትዬ በላይነሽ ጣሪያ ላይ ነበር። ከጉድጓዱ አፍ ፖሊስ ያነሣቸውን ቆርቆሮዎች ሳይቀር ሰብስቦ፣ ከሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ ማገሩን አጥብቆ፣ ቤቱን ሲከድን አድሮ ማለዳ ቀጥሏል። እትዬ በላይነሽ ከታች ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። የቀረው ሁለት ቅጠል ነው።

“ጋሽ ተሾመ፣ ይውረዱ” አለ አላምረው።

ሽማግሌው ምስማር በከንፈሩ ይዟል። መዶሻውን አነሣ፤ መታ።

“ማክሰኞ ዋጃ በር ላይ ቆመው ‘ለካ እውነት ኖሯል’ ብለዋል። ውሸት ነው ብሎ ማን ነግሮዎት ነበር?”

መዶሻው ቆመ። ተሾመ ምስማሮቹን ከአፉ አወጣና ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

“ውሸት ነው ያለኝ የለም” አለ። “እኔ ነኝ ውሸት ነው ያልሁ። ሰኞ ማታ የእትዬ ልጅ በሬን ሲደበድብ አመሸ። ከእሱ በፊት የቄሱ ልጅ መጥቶ ነበር፤ ከዚያም በፊት አንተ። በልጅ ልጆቼ ፊት ‘አንተ ውሸታም ሽማግሌ’ ብለኸኝ ሄድህ። ከእናንተ ውስጥ ይሁኔን ያገኘ የለም፤ ሁላችሁም የምታገኙት እኔን ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውሁ፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ሳይቀር የሚጠብቀኝ አለ። ማክሰኞ በጠዋት እዚህ መጥቼ ጠበቅሁት፤ ዛሬ ሳትጀምር አትወጣም ልለው። መጣ፤ ነጠላውን ዘቅዝቋል። አካፋ ልወስድ ነው፣ ለቅሶ አለብኝ አለኝ። የማን አልሁት። የካሊድ አባት አለኝ። ‘የራስህን ዘመድ ጨርሰህ ወደ ሰው አባት ገባህ?’ አልሁት። ‘ዛሬስ እውነቴን ነው ጋሼ’ ብሎ ሳቀ። አካፋውን ከጉድጓዱ አፍ አንሥቶ ጀርባውን ሰጠኝ።”

“በምን መቱት?”

ሽማግሌው በእጁ የያዘውን መዶሻ አየው። “ሌላ የለኝም።”

እትዬ በላይነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያቸውን የመታው እሱ መዶሻ ነው።

“ከደንሁት” አለ ተሾመ። “ዝናብ እንዳይወርድበት። ከዚያ ዋጃ ሄድሁ፤ ውሸቱን መሆኑን ለማየት። ውሸት ቢሆን ኖሮ…”

አላምረው በዚህ ጊዜ ነው የፈነዳው። “ደምሴ በእርስዎ ፈንታ ታስሯል! ሚኪያስን ዛሬ ከሰልስቱ በኋላ ሊገድሉት ይጠብቃሉ! ይህን እያወቁ ቆርቆሮ ይመታሉ?”

“ጨርሼላቸው ልመጣ ነበር። ሁለት ቅጠል ናት እኮ።”

“ሁላችሁም ‘ጨርሼ እመጣለሁ’ ነው የምትሉት!”

ተሾመ በጥፊ የተመታ ያህል ደነገጠ። መዶሻውን ጣሪያው ላይ አስቀመጠ፤ መሰላሉን ይዞ ቀስ ብሎ ወረደ። የሁለት ቅጠል ቦታ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ እትዬ በላይነሽም ይጨርስልኝ ብለው አልለመኑም። መዶሻውን ኡሙሃኒ ወጥታ በጨርቅ ጠቅልላ አወረደችው።

ሰልስቱ የተቀመጠበት ድንኳን ይሁኔ ቤት ደጃፍ ነው። እሱ ራሱ ያልጨረሰው ቤት፤ የሰላሳ ሰው ጣሪያ ያፈረሰ ሰው የራሱንም በር አልገጠመም ነበር። ሽማግሎቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ወንድሞቹ ከጎን። ደምሴ ከእስር መውጣቱን የሰሙ ናቸው። አላምረው ከታላቁ ወንድም አጠገብ ተንበርክኮ የሆነውን ሁሉ ነገረው።

ገበሬው ሳያቋርጠው አዳመጠ። “ስለ ምን ገደልሁት አለ?”

“ለቅሶ አለብኝ ስላለው። አላመነውም።”

“ለቅሶው ውሸት ነበር?”

“አልነበረም። ወንድምህ መቃብር ሊቆፍር ነበር የሚሄደው።”

ሰውየው ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። ወንድሞቹ ፊቱን እያዩ ይጠብቃሉ። “የእትዬ በላይነሽን ልጆች የሚነካ የለም” አለ፣ እነሱም እንዲሰሙት። “የዚያን ሽማግሌ ነገር ሽማግሌ ይየው፣ ሕግ ይየው። አንተ ግን ተነሥና ይችን ለዚህ ሰው ሁሉ ንገርልኝ።”

ድንኳኑ ሞልቷል። የመጣው ሰው ለወጉ ነው የመጣው፤ ግማሹ ቤቱ ፈርሶበታል፤ ለይሁኔ እንባ ያወጣ የለም። ጥግ ላይ ከዋጃ የመጣው ካሊድ ተቀምጧል፤ የአባቱን ለቅሶ ትቶ። አላምረው ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። ከረቡዕ ወዲህ ስለዚህ ሟች አንድ በጎ ቃል ከአፉ አልወጣም።

“ይሁኔ ማክሰኞ ጠዋት ለቅሶ አለብኝ ብሎ ነበር” አለ፣ እስከ መጨረሻው መደዳ እንዲሰማ። “እውነቱን ነበር።”

መጀመሪያ ያለቀሰው ካሊድ ነው።